የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቲምና መዳብ

ባለፈው እትም ስለ ቲምና ሸለቆ ያወጣነው አጭር ጽሑፍ ብዙ ደብዳቤ አምጥቶልናል። ጽሑፉን ላላነበባችሁ፦ ቲምና ከኤይላት ከተማ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በዓረባ በረሃ የሚገኝ፣ ከ6 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ መዳብ ሲወጣበት የኖረ ሸለቆ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ዓ.» ያልነው ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው።

«ከማኅበራችን ጋር ቲምናን ጎብኝተን ነበር። አንዱ አስጎብኚ ‹ይህ የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን ነው› አለን፤ ሌላው ‹የለም፣ የግብጾች ነው› ይላል። የማንን እንያዝ?» (ከሎድ)

ሁለቱም ከፊሉን ነው የያዙት። ነገሩ ሦስት ጊዜ ተገለባብጧል።

አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ኔልሰን ግሉክ በ1930ዎቹ አካባቢውን ሲያስስ መሬት ላይ የተበተነውን የሸክላ ስብርባሪ አይቶ ዘመኑ 10ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. ነው አለ። ይህ የሰሎሞን ዘመን ስለሆነ «የሰሎሞን ማዕድን» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ተጣበቀ። ግሉክ በዓቃባ አጠገብ ተል ኤል ኸሊፋ የሚባለውን ጉብታ ቆፍሮም በመጽሐፈ ነገሥት የተጠቀሰችው የሰሎሞን ወደብ የዔጽዮንጋብር ነው፣ የመዳብ ማቅለጫም ነበረው ብሎ ነበር። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎች የነፋስ ማስገቢያ መስለውት ነው። ቀዳዳዎቹ ግን የእንጨት ወራጆች በስብሰው የተዉት ባዶ ቦታ ሆነው ተገኙ፤ ራሱም በ1965 አሳቡን ተወ።

ቀጥሎ ቤኖ ሮተንበርግ መጣ። ከ1959 ጀምሮ ሸለቆውን አጥንቶ በ1969 «የሰሎሞን ዓምዶች» ከሚባሉት ገደሎች ሥር ለግብጻዊቷ አምላክ ለሐቶር የተሠራ ትንሽ መቅደስ አገኘ። በውስጡ ከቀዳማዊ ሴቲ እስከ አምስተኛው ራምሴስ ድረስ የነገሡ ፈርዖኖች ስም የተቀረጸባቸው ዕቃዎች ነበሩ። ይህ 13ኛውና 12ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. ነው፤ ከሰሎሞን ቢያንስ በ150 ዓመት ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል «ሰሎሞን እዚህ የለም» የሚለው አስተያየት ገዝቶ ኖረ።

ሦስተኛው መገልበጥ የቅርብ ነው። በኤሬዝ ቤን ዮሴፍ የሚመራ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ «የባሪያዎች ኮረብታ» የሚባለውን ትልቅ የማቅለጫ ሰፈር እንደገና ቆፈረ። ዕድሜውን የለኩት እንደ ቴምር ፍሬ ባሉ አጭር ዕድሜ ባላቸው ነገሮች በካርቦን 14 ነው። ፍሬ የሚመረጠው በምክንያት ነው። የግራር ከሰል ከዛፉ ውስጠኛ ግንድ የመጣ ከሆነ ዛፉ ከተቆረጠበት ቀን በመቶ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ሊያሳይ ይችላል፤ የቴምር ፍሬ ግን የበቀለበትን ዓመት ነው የሚናገረው። ውጤቱ ከ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 10ኛው ዓ.ዓ. ወጣ። ስለዚህ ትልቁ ሥራ የተሠራው ግብጾች ከሄዱ በኋላ፣ በዳዊትና በሰሎሞን ዘመን ነው።

ዘመኑ የሰሎሞን ነው ማለት ግን ባለቤቱ ሰሎሞን ነው ማለት አይደለም። የሰሎሞንን፣ የዳዊትን ወይም የእስራኤልን ስም የያዘ ጽሑፍ በቲምና አልተገኘም። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሥራውን የሠሩት የአካባቢው ኤዶማውያን ናቸው ይላሉ። ዳዊት በኤዶምያስ ጭፍሮች እንዳኖረ ሁለተኛ ሳሙኤል 8 ስለሚናገር ግብሩ ወደ ኢየሩሳሌም ይሄድ ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህን አጥብቀው የሚቃወሙም አሉ። አስጎብኚዎ «የሰሎሞን ዘመን ማዕድን» ቢል ኖሮ ትክክል ነበር። ዓምዶቹ ራሳቸው ውኃና ነፋስ የጠረቡት ቀይ አሸዋ ድንጋይ ናቸው፤ የሰው እጅ የለባቸውም። ጎብኚው ሁሉ እነሱን ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል፤ ታሪኩን የሚናገረው ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ጥቁር የአር ክምር ነው። አር ማለት ድንጋዩ ሲቀልጥ ከመዳቡ ተለይቶ የሚፈስሰው ቆሻሻ ነው፤ ከዚህ በታች ደጋግመን እንመጣበታለን።

«ዳይናማይት ሳይኖር እንዴት ቆፈሩት? ጉድጓዶቹስ የት ገቡ? እኔ ያየሁት ጥቂት ዋሻ ብቻ ነው።» (ከኔታንያ)

ጉድጓዶቹን ረግጠዋቸው አልፈዋል። ሸለቆው ውስጥ ሲሄዱ መሬቱ ላይ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከዙሪያው ፈካ ያለ ቀለም ያላቸው ሰሐን መሳይ ቦታዎች ይታያሉ። እያንዳንዳቸው ጎርፍ ባመጣው ደቃቅ አፈር የተሞሉ ጥንታዊ ጉድጓዶች ናቸው፤ በሺዎች ይቆጠራሉ።

መዳቡ ያለው በነጩ አሸዋ ድንጋይ ንብርብር ውስጥ እዚህም እዚያም በተበተኑ እንክብሎች ነው። እንክብሉ ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ግራጫ (ካልኮሳይት)፣ ዙሪያው አረንጓዴ (ማላካይት) ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ንብርብሩ ገደል ላይ ብቅ ካለበት እየተከተሉ አግድም ዋሻ ቆፈሩ፤ «ቅስቶቹ» በሚባለው ቦታ ዛሬ ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንድ ቦታም ተድሆ ማለፍ የሚቻለው በዚያ ነው። ቀጥሎ ከላይ ወደታች መውረድ ጀመሩ። ጉድጓዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ሲሆን በሁለቱም ጎን ትይዩ የእግር መርገጫ ተፈልፍሎለታል፤ ሠራተኛው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ግራና ቀኝ እየከፈተ ይወርዳል። ከ30 ሜትር በላይ የጠለቁ አሉ። ጥበቱ ለስንፍና አይደለም፦ እያንዳንዱ ተጨማሪ ስንዝር ብዙ ቶን ባዶ ድንጋይ ማውጣት ነው፤ አሸዋ ድንጋዩም በጠበበ መጠን አይደረመስም።

ዘመኑን መለየት ከፈለጉ ግድግዳውን በጎን ብርሃን ይዩት። በድንጋይ መዶሻ የተቀጠቀጠ ግድግዳ ያበጠና የጎደጎደ ነው፤ ይህ የጥንት ጥንት ነው። በብረታ ብረት መሮ የተጠረበ ግን አንድ አቅጣጫ የያዙ ቀጫጭን ጭረቶች ያሳያል። ሁለቱ በአንድ ዋሻ ውስጥ ከተገናኙ ኋለኞቹ የቀደሙትን ሥራ አስፍተዋል ማለት ነው።

«የብረታ ብረት ሥራ ላይ ነኝ። በጋዝ እንኳ መዳብ ማቅለጥ ያስቸግራል። በከሰልና በወናፍ ከድንጋይ እንዴት አወጡት? ዝርዝሩን በቁጥር ብትነግሩኝ።» (ከአዲስ አበባ)

እርስዎ የሚያቀልጡት የተጣራ መዳብ ነው፤ 1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ከድንጋይ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ምድጃ ውስጥ መሆን አለበት፦ መዳቡ ከኦክስጅኑ መላቀቅ፣ ድንጋዩ ደግሞ ፈስሶ ከመዳቡ መለየት። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ማላካይት በመጠነኛ እሳት ጠቁሮ የመዳብ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ይወስድለታል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ አሸዋ ብቻውን በዚያ ምድጃ አይቀልጥምና።

መፍትሔው ብረት ነው። ቀይ የብረት ድንጋይ (ሄማታይት) ከአሸዋው ጋር ሲገናኝ 1,200 ዲግሪ አካባቢ የሚፈስስ ጥቁር አር ይሠራል። ሒሳቡ ይኸውና። ንጹሕ ማላካይት በክብደቱ 57.5 በመቶ መዳብ ነው። 10 ኪሎ ድንጋይ ይዘዋል እንበል፤ 5 ኪሎው ማላካይት፣ 5 ኪሎው አሸዋ። ቢበዛ የሚያገኙት 2.9 ኪሎ ገደማ መዳብ ነው። 5 ኪሎውን አሸዋ ሙሉ በሙሉ ለማሰር ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ 2.7 ኪሎ ገደማ ሄማታይት ያስፈልጋል፤ 13 ኪሎ ከግማሽ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ማሞቅ ደግሞ ከሰል ነው። አሁን ያንኑ ድንጋይ ቀጥቅጠው፣ በእጅ ለቅመው አሸዋውን ወደ 1 ኪሎ ቢያወርዱት ሄማታይቱ ወደ 2.7 ኪሎ ይወርዳል፤ መዳቡ ግን ያው ነው። በማቅለጫ ሰፈሮቹ ወፍጮና መጅ፣ መቀጥቀጫና ድቁስ ድንጋይ በብዛት የሚገኘው ለዚህ ነው። ድካሙን ከእሳቱ በፊት ይጨርሱታል።

በተግባር ሙሉውን 2.7 አይጨምሩም፤ የምድጃው ጭቃ ራሱ በከፊል ስለሚቀልጥና በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኖራማ ነገር ስለሚያግዝ በትንሹም ይፈስሳል። በቲምና ከብረት ሌላ የማንጋኒዝ ኦክሳይድም ተጠቅመዋል፤ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው።

ምድጃው ትንሽ ነው፤ መሬት ውስጥ ከፊሉ የገባ፣ በጭቃ የተለሰነ፣ የአፉ ስፋት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አየሩ የሚገባው በሸክላ ቱቦ ነው፤ ከቱቦው በስተኋላ ወናፍ አለ። በሉክሶር በሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ሰዎች በሁለት ወናፍ ላይ ቆመው በተራ እየረገጡ፣ በገመድ መልሰው ሲያነሡ ተሥሏል፤ የግብጽ ዘመን አሠራር ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ምድጃው በከሰል ብቻ ይሞቃል። ከዚያ አንድ ስፍር ከሰል፣ አንድ ስፍር የተደባለቀ ድንጋይና ሄማታይት እየተፈራረቀ ይጨመራል። ወናፉ ለሰዓታት አይቆምም። መዳቡ ከባድ ስለሆነ ወደታች ይወርዳል፤ አሩ ከላይ ይንሳፈፋል። መጨረሻ ላይ የምድጃው ፊት ይበሳና አሩ ወደ ውጭ ጉድጓድ ይፈስሳል፤ ሲበርድ ላዩ እንደ ወረደ ሰም ተጠቅልሎ ይቀራል። መዳቡ ከሥር ነው።

የሚበላሸው በምን በምን ነው? ሄማታይቱ ካነሰ አሩ ይወፍራል፤ መዳቡ ሳይወርድ በጠብታ ጠብታ ተይዞ ይቀራል። ያን ጊዜ አሩን እንደገና ቀጥቅጦ ጠብታዎቹን መልቀም ግድ ነው፤ በቲምና በደቃቁ የተፈጨ አር በብዛት የሚገኘው ከዚህ ነው። ከሰሉ በዝቶ አየሩ ካነሰ ደግሞ ብረቱም ከኦክስጅኑ ይላቀቅና መዳቡ ውስጥ ይገባል፤ የሚወጣው ጠቆር ያለ፣ ሲቀጠቀጥ የሚሰነጠቅ መዳብ ነው። እሱን ለማዳን በሸክላ ማቅለጫ እንደገና አቅልጦ አየር እየነፉበት ብረቱን ማቃጠልና ከላይ መጥረግ ነው። አየሩ ከመጠን ካለፈ በተቃራኒው መዳቡ ተመልሶ ኦክሳይድ ሆኖ ከአሩ ጋር ይሄዳል። ቱቦው በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከገባ ይፈነዳል፤ ወደ ምድጃው ብዙ ከገባ ጫፉ ቀልጦ ይዘጋል። ከሰሉ ደቆ ከሆነ አየሩን ያፍናል። እንቁላል የሚያህለው ለእንዲህ ያለ ትንሽ ምድጃ ይስማማል።

የባለሙያው ብቃት የሚለካውም በአሩ ነው። ቤን ዮሴፍና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ጥናት ከቲምናና ከዮርዳኖሱ ፈይናን የተሰበሰቡ የተለያዩ ዘመናት አሮች ውስጥ የቀረውን መዳብ ለኩ። በአር ውስጥ የቀረው መዳብ ሲያንስ ሥራው ጎበዝ ነው ማለት ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. መጨረሻ ላይ በሁለቱም ቦታ አሠራሩ በአንድ ጊዜ ተሻሽሎ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ቱቦዎቹም ይተልቃሉ። ጊዜው በመጽሐፈ ነገሥት ሺሻቅ የተባለው ፈርዖን ከዘመተበት ጋር ይገጥማል። ተመራማሪዎቹ ግብጽ ሥራውን አላጠፋችውም፣ አስተካከለችው ይላሉ። ክርክሩ ባይዘጋም ማስረጃው ከአንድ የሸክላ ስብርባሪ እጅግ የጠነከረ ነው።

«በቲምና የሙሴ የናስ እባብ ተገኝቷል ሲባል ሰማሁ።» (ከጎንደር)

የተገኘው እባብ እውነት ነው፤ የሙሴ ነው መባሉ ግን አይደለም። በሐቶር መቅደስ ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ራሱ ወርቅ የተለበጠ የመዳብ እባብ ወጥቷል። የተገኘውም ግብጾች ከሄዱ በኋላ የአካባቢው ሰዎች መቅደሱን ለራሳቸው አምልኮ ሲጠቀሙበት ከነበረው ንብርብር ነው። እነዚያ ሰዎች የሐቶርን ፊት ከድንጋዮቹ ላይ አጥፍተው ቦታውን በድንኳን ሸፍነውታል፤ የቀይና ቢጫ ጨርቅ ቅሪት ከግድግዳው ሥር ተገኝቷል። ከዕቃዎቹ መካከል ከሰሜን ምዕራብ ዓረቢያ የመጣ በቀለም ያጌጠ የምድያም ሸክላ አለ። ኦሪት ዘኁልቁ 21ን የሚያውቅ ሰው የምድያም ድንኳን፣ የመዳብ እባብ፣ የሙሴ አማት የምድያም ካህን ዮቶር ሲል በአሳቡ ማያያዙ አይቀርም። ተመራማሪዎችም አያይዘውታል። ከዚያ በላይ የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም።

«ስሙ ‹የባሪያዎች ኮረብታ› ከሆነ ባሪያዎች ነበሩ የሚሠሩት ማለት ነው?» (ከቤርሳቤህ)

ስሙን የሰጠው ኮረብታውን የሚከብበው ግንብ ነው፤ ሰው እንዳያመልጥ የተሠራ መስሎ ታይቶ ነበር። የቆሻሻ መጣያው ግን ሌላ ይናገራል። አጥንቶቹ ሲጠኑ ከበግና ከፍየል ሥጋ የተሻለው ብልት የተበላው አቅላጮቹ ዘንድ ነው፤ ከሜዲትራኒያን ድረስ የመጣ ዓሣም በልተዋል። ከዚህም ሌላ በ2021 ይፋ የሆነው ግኝት አለ፦ 3 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ በሚወጣ እውነተኛ ሐምራዊ የተነከሩ የሱፍ ክሮች። ይህ ቀለም የነገሥታት ነበር። በዚያ ምድጃ ፊት የሚቆመው ሰው ሙያው የተከበረ ነው፤ አንድ ስሕተቱ የቀናትን ከሰልና ድንጋይ ያጠፋልና። ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደው ግን የግድ እንደዚያ ይኖር ነበር ማለት አይደለም። የተገኘው ማስረጃ በአብዛኛው የአቅላጮቹ ነው።

ውኃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ቲምና ውስጥ ምንጭ የለም፤ የቅርቡ የዮትባታ ምንጭ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጭነቱ መጀመሪያ የአህያ ነበር። የግመል አጥንት በብዛት መታየት የሚጀምረው በ10ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. የመጨረሻ ሲሶ ነው። ንግሥተ ሳባ ሽቶና ወርቅ በግመል ጭና ስለመጣችበት ታሪክ ለሚያነብ ይህ ቀን ትኩረት የሚስብ ነው።

«እንዲህ የሠለጠነ ሥራ ለምን ቆመ? አሁንስ ለምን አይሠራበትም?» (ከዋሽንግተን ዲሲ)

በጥንቱ ዘመን መዳቡ አላለቀም፤ እንጨቱ ነው ያለቀው። አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት በልማዳዊ አከሳሰል ከ5 እስከ 7 ኪሎ እንጨት ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ለማቅለጥ ደግሞ ከድንጋዩ ክብደት የበለጠ ከሰል ይፈጃል። በ2022 የታተመ ጥናት በአሩ ክምር ውስጥ ያሉትን ከ1,000 በላይ የከሰል ቁርጥራጮች በማይክሮስኮፕ መረመረ። በታችኛው፣ ማለትም በቀደመው ንብርብር ያለው ግራርና ሮተም የሚባለው ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው፤ ሁለቱም እሳታቸው ጽኑ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ዘንባባና ማንኛውም የበረሃ ችፍርግ እየበዛ ይሄዳል። መልካሙን እንጨት ጨርሰው ያገኙትን ማንደድ ጀምረዋል ማለት ነው። ሥራው 250 ዓመት ያህል ቆይቶ በ9ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. አጋማሽ ገደማ ቆመ። በተጨማሪም የዓረባ መዳብ የተፈለገው የነሐስ ዘመን ንግድ ሲፈራርስ የቆጵሮስ መዳብ ስለተስተጓጎለ ነበር፤ ቆጵሮስ ወደ ገበያው ስትመለስ በረሃ ውስጥ ውኃና እንጨት እያጓጓዙ መወዳደር ከባድ ነው።

በ1950ዎቹ የእስራኤል መንግሥት ኩባንያ እንደገና ከፈተው። ድንጋዩ በመዳብ ስስ ስለሆነ እንደ ጥንቱ አልቀለጠም። በሰልፈሪክ አሲድ ይታጠብና መዳቡ ወደ ሰማያዊ ፈሳሽ ይወጣል፤ ፈሳሹ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ሲፈስስ ብረቱ ይሟሟና መዳቡ ቀይ ዝቃጭ ሆኖ ይቀመጣል። በስሌት ለአንድ ኪሎ መዳብ 0.88 ኪሎ ብረት ይሄዳል፤ በተግባር ይበልጣል። ኖራማ ድንጋይ ከበዛ አሲዱን መዳቡ ሳይደርሰው ይጨርሰዋል። የመዳብ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ ወጪውን መሸፈን አቅቶት በ1976 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ዘላቂ አልሆኑም።

«በዓረባ ማዕድን ክርስቲያኖች ሰማዕት ሆነዋል የሚባለው እውነት ነው?» (ከለንደን)

እውነት ነው፤ ቦታው ግን ቲምና አይደለም። በዛሬው ዮርዳኖስ ከቲምና በስተሰሜን ርቆ የሚገኘው ፈይናን ነው፤ በኦሪት ዘኁልቁ 33 ከእስራኤል ሰፈሮች አንዱ ሆኖ የተጠቀሰው። ሮማውያን ወንጀለኛ የሚልኩበት ማዕድን ነበር። በዲዮቅልጥያኖስ በተጀመረው ስደት የተፈረደባቸው ክርስቲያኖች ቀኝ ዓይናቸው ወጥቶ፣ የግራ እግራቸው ጅማት በጋለ ብረት ተቃጥሎ ወደዚያ ይላኩ ነበር። በ310 የጋዛው ኤጲስ ቆጶስ ስልዋኖስ ከሌሎች 39 ጋር በአንድ ቀን አንገታቸው ተቆርጧል። የመዘገበው በዘመኑ የኖረው አውሳብዮስ ዘቂሳርያ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስም ነፍሰ ገዳይ እንኳ በዚያ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም ሲል ጽፏል። ከአር ክምሮቹ አቧራ ዛሬም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረታ ብረት ይገኛል።

«አክሱም የነሐስ ሳንቲም ስትሠራ መዳቡን ከየት ታመጣ ነበር?» (ከመቀሌ)

ቢያንስ ከፊሉ በባሕር ይመጣ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የግሪክ ነጋዴዎች የባሕር መመሪያ ወደ አክሱም ወደብ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ለጌጥና ተቆርጦ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ናስ፣ ለማብሰያ ዕቃና ለአምባር የሚሆን ለስላሳ መዳብ ይዘረዝራል። ይህ አክሱም የራሷን ሳንቲም ከመቅረጿ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። መዳብ ያዘለ ድንጋይ በሰሜን ትግራይና በኤርትራ እንዳለ የታወቀ ነው፤ በኤርትራ ቢሻ ከ2013 ጀምሮ መዳብ ይመረታል። የአክሱም አንጥረኞች በጥቂት መዳብ ብዙ ያውቁበት ነበር፦ በነሐሱ ሳንቲም ላይ በመስቀሉ ዙሪያ የወርቅ ልባጥ ያስገቡበትን ላየ ሰው ግልጽ ነው።

«የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ይህን በክፍል ውስጥ በትንሹ ማሳየት ይቻላል?» (ከባሕር ዳር)

ይቻላል። ማላካይት አያስፈልግዎትም፤ ከላቦራቶሪ ዕቃ አቅራቢ የሚገኘው አረንጓዴ የመዳብ ካርቦኔት ዱቄት ይበቃል። 3 ግራም ያህሉን በሙከራ ቱቦ ያሙቁ፤ አረንጓዴው ጥቁር ይሆናል። የሚወጣውን ጋዝ በኖራ ውኃ ቢያሳልፉት ውኃው ወተት ይመስላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጥቁሩን ዱቄት ከደቀቀ ከሰል ጋር በደንብ ይደባልቁ። በስሌት ለ13 ግራም የመዳብ ኦክሳይድ 1 ግራም ካርቦን ይበቃል፤ ለክፍል ግን በመጠን እኩል አድርገው ይጨምሩ፤ ትርፉ አይጎዳም። በትንሽ የሸክላ ማቅለጫ ጨምረው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከሰል ብቻ ነስንሰው ይክደኑት፤ በጠንካራ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው መቸኮል ነው። ትኩሱን ከከፈቱት መዳቡ አየር አግኝቶ ተመልሶ ይጠቁራል፤ ተማሪዎቹም «አልሠራም» ይላሉ። ክዳኑ ሳይነሣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ከዚያ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ይገልብጡት፦ ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ ቀላ ያለው መዳብ ይቀመጣል። ቡንሰኑ (የላቦራቶሪው የጋዝ ማንደጃ) ለመዳቡ መቅለጫ ሙቀት ስለማይደርስ የሚያገኙት ዱቄት ነው እንጂ እንክብል አይደለም። መስኮት ይከፈት፤ ዱቄቱን በአፍንጫ አይሳቡት።

«ከቲምና አረንጓዴ ድንጋይና አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አምጥቻለሁ። ገበያ ላይ ደግሞ ‹የኤይላት ድንጋይ› ይሸጣል። ምንድን ናቸው?» (ከአሽዶድ)

ጥቁሩን ይመልሱት። ከተራ ድንጋይ በግልጽ ከከበደ፣ አንድ ጎኑ የፈሰሰ መልክ ካለው፣ ስብራቱ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ አር ነው። በ1978ቱ የእስራኤል የቅርስ ሕግ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ነገር የመንግሥት ነው፤ አርም በዚህ ይገባል። በተጨማሪም ከቦታው የተነሣ አር ለተመራማሪ አይረባም፤ ንብርብሩ ነው ዘመኑን የሚናገረው። ለፓርኩ መግቢያ ሠራተኞች የት እንዳገኙት ነግረው ያስረክቡ። አረንጓዴውንም አብረው ይመልሱት፤ ከፓርኩ ድንጋይ ማውጣት አይፈቀድም።

የኤይላት ድንጋይ የሚባለው የማላካይት፣ የአዙራይት፣ የክሪሶኮላና የመሳሰሉት ቅልቅል ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴው ያለ ሥርዓት የተዘበራረቀ ነው። ማዕድኑ ከተዘጋ ጀምሮ እውነተኛው ብርቅ ሆኗል፤ በርካሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ወይም ቀለም የተነከረ ነው። ጥጥ በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ነክረው ከጀርባው ይሹት፤ ሰማያዊ ከለቀቀ የተነከረ ነው። በኮምጣጤ አይሞክሩት፤ ማላካይት ካርቦኔት ስለሆነ ገጹ ይበላል፣ ልስላሴውም አይመለስም። ቀለበት ከሆነ ዕቃ ሲያጥቡ ያውልቁት፤ የማላካይት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚቆጠረው የማዕድናት መለኪያ ከ3.5 እስከ 4 ስለሆነ ተራ አሸዋ ይጭረዋል።